የጥጃ ተቅማጥና የቻይና ዕፅ፦ የኮምፒውተር ጥናት ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

ከቻይና የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ዓይነት ጥናት አለ። አንድ ጥንታዊ የዕፅ ቅመም ይወሰድና በባክቴሪያ የሚመጣውን የጥጃ ተቅማጥ እንዴት ሊያክም እንደሚችል በኮምፒውተር ይመረመራል። ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን «ዕፁ እንደሚያድን ተረጋገጠ» ወደሚል ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም። የሚሰጠው በቤተ ሙከራና በበረት ሊፈተን የሚገባው የግምት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚረባው ደግሞ ግምቱ የተሠራበት መንገድ ለጥጃ አንጀት የሚስማማ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አይስማማም። ለምን እንደማይስማማ ለማየት ከበሽታው መጀመር ያስፈልጋል።

በጥጃው አንጀት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የጥጃ ተቅማጥ አንድ በሽታ አይደለም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ውስጥ እንደ ውኃ የሚያስቀምጠው ጥጃ ቀድሞ የሚጠረጠረው መርዝ አመንጪ በሆነው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዓይነት ነው። ሮታ ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተህዋስ በአብዛኛው ከ5ኛው ቀን በኋላ ይመጣሉ። ሳልሞኔላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያለፋቸውን ጥጆች ያጠቃል።

መርዝ አመንጪው ኢ. ኮላይ ኤፍ 5 (በቀድሞ መጠሪያው ኬ 99) የሚባሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መያዣዎች አሉት። በእነሱ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ሙቀት የማያፈርሰው መርዝ ይለቃል። መርዙ በአንጀት ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን ጉዋኒሌት ሳይክሌዝ ሲ የተባለ ፕሮቲን ሲነካ፣ ሳይክሊክ ጂ ኤም ፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል። ይህም ሲ ኤፍ ቲ አር የሚባለውን የክሎራይድ መተላለፊያ ይከፍታል። ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ቦይ ይፈሳል፤ ሶዲየምና ውኃ ተከትለውት ይወጣሉ። የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ብዙም አይጎዳም። ጥጃውን የሚገድለው ውኃው፣ ጨውና አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔቱ ተሟጥጦ ደሙ አሲድ መሆኑ ነው።

ከመርዙ እስከ ክሎራይዱ መተላለፊያ ያለውን ይህን ሰንሰለት አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። የጥናቱን ውጤት የምንመዝነው በእሱ ነው።

የሚመረመረው መድኃኒት ምንድን ነው?

እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚያነሷቸው ቅመሞች ብዙ ናቸው፤ እዚህ በጣም የታወቀውን እንውሰድ። ባይ ቶው ዌንግ ታንግ ይባላል። በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ሻንግ ሃን ሉን በተባለው መጽሐፉ መዝግቦታል። አራት ነገሮች አሉት፦ ቅመሙ የተሰየመበት የባይ ቶው ዌንግ ሥር፣ ሁዋንግ ሊያን የተባለው መራራና ቢጫ ግንደ ሥር፣ የሁዋንግ ባይ ዛፍ ቅርፊት እና ቺን ፒ የሚባል ሌላ የዛፍ ቅርፊት። በጥንቱ አዘገጃጀት በ7 ስፍር ውኃ ተቀቅሎ 2 ስፍር እስኪቀር ይፈላል፣ ተጠልሎ 1 ስፍሩ ለብ እንዳለ ይጠጣል፤ ካልተሻለ ቀሪው ይደገማል።

ለእንስሳት በዱቄት መልክ የሚሰጠው ባይ ቶው ዌንግ ሳን በቻይና የእንስሳት መድኃኒት መድበል ውስጥ አለ። ድርሻው ባይ ቶው ዌንግ 60 ግራም፣ ሁዋንግ ሊያን 30 ግራም፣ ሁዋንግ ባይ 45 ግራም፣ ቺን ፒ 60 ግራም ነው። ከአራቱ በደንብ የተጠናው ቤርቤሪን የተባለው ቢጫ ንጥረ ነገር ሲሆን በሁዋንግ ሊያንም በሁዋንግ ባይም ውስጥ ይገኛል። የባይ ቶው ዌንግ ዋነኛ ንጥረ ነገር አኔሞሳይድ ቢ 4 ሲባል፣ ቺን ፒ ደግሞ ኤስኩሊንና ኤስኩሌቲንን ይሰጣል።

ቻይና ለምን ይህን ያህል ትደክምበታለች?

ምክንያቱ አንቲባዮቲክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ቻይና ውስጥ ከአሳማ በተገኘ ኢ. ኮላይ ላይ ኤም ሲ አር 1 የተባለ ጂን መኖሩ ታወቀ። ጂኑ ባክቴሪያው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ለመጨረሻ የሚጠበቀውን ኮሊስቲን የተባለ አንቲባዮቲክ እንዲቋቋም ያደርገዋል፤ ይባስ ብሎ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋል። አገሪቱ በ2017 ኮሊስቲንን ለማደለቢያነት ከመኖ አወጣች። በ2019 የወጣው የግብርና ሚኒስቴር ማስታወቂያ ቁጥር 194 ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ለማደለቢያ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ከመኖ አስቀረ፤ የቻይና ባህላዊ ዕፆችን ግን አልከለከለም። ከዚያ ወዲህ በዕፅ ላይ የሚደረገው ምርምር ገፋ።

ኮምፒውተሩ ላይ በትክክል ምን ይሠራል?

ዘዴው ኔትወርክ ፋርማኮሎጂ ይባላል። ተመራማሪው አንድሩ ሆፕኪንስ በ2007 እና በ2008 ባወጣቸው ጽሑፎች ነው ስሙ የተስፋፋው። ሐሳቡ፣ አንድ መድኃኒት አንድ ፕሮቲን ብቻ ይነካል ከማለት ይልቅ ብዙ ንጥረ ነገሮች ብዙ ፕሮቲኖችን በአንድነት የሚነኩበትን መረብ መሳል ነው። ለዕፅ ቅመም ይህ ተገቢ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ ቤርቤሪን የሚሠሩ አንዳንድ ዕፆች ከእሱ ጋር ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጩ አሳይቷል። ያ ንጥረ ነገር ብቻውን ባክቴሪያ አይገድልም፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቤርቤሪንን ከሰውነቱ የሚያስወጣበትን ፓምፕ ግን ይዘጋል። ቤርቤሪንን ለብቻው የሚመረምር ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ተመራማሪው የአራቱን ዕፆች ንጥረ ነገሮች ከመረጃ ቋት ያወጣል። የተለመደው ቋት በ2014 የወጣው ቲ ሲ ኤም ኤስ ፒ ሲሆን 499 ዕፆችን ይዟል። ቀጥሎ በሁለት ቁጥሮች ያጣራል፦ በአፍ ተወስዶ ወደ ደም የሚገባው ድርሻ ቢያንስ 30 በመቶ፣ መድኃኒት የመምሰል ነጥቡ ቢያንስ 0.18 መሆን አለበት። ያለፉት ንጥረ ነገሮች የትኞቹን ፕሮቲኖች ሊነኩ እንደሚችሉ እንደ ስዊስ ታርጌት ፕሬዲክሽን ባለ መሣሪያ ይተነበያል። በሌላ በኩል ጂንካርድስን ከመሰሉ ቋቶች «ተቅማጥ» በሚል ቃል የሚገኙ ጂኖች ይሰበሰባሉ። የሁለቱ ዝርዝሮች የጋራ ክፍል ተወስዶ ስትሪንግ በተባለው ቋት ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መረቡም ሳይቶስኬፕ በተባለው ፕሮግራም ይሳላል። ብዙ መስመር የሚገናኝባቸው ፕሮቲኖች «ቁልፍ» ተብለው ይመረጣሉ። በመጨረሻም ዶኪንግ ይሠራል፤ ንጥረ ነገሩ ከፕሮቲኑ ጉድጓድ ጋር ይገጥም እንደሆነ በሦስት አቅጣጫ ይሞከራል።

ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ሁሉ በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ መብዛቱም ከዚህ የመጣ ነው።

36.86 በመቶ ወይስ ከ1 በመቶ በታች?

የመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው።

ቲ ሲ ኤም ኤስ ፒ ለቤርቤሪን የሚሰጠው ወደ ደም የመግባት ግምት 36.86 በመቶ ነው። በዚህ ቁጥር ማጣሪያውን በቀላሉ ያልፋል። በአይጦች ላይ ሲለካ ግን ወደ ደም የሚደርሰው ቤርቤሪን ከ1 በመቶ በታች ነው። የአንጀት ግድግዳ በደንብ አያስገባውም፤ የገባውንም ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ፓምፕ መልሶ ወደ አንጀት ይወረውረዋል፤ የቀረውን አንጀትና ጉበት ይቀይሩታል። በግምቱና በልኬቱ መካከል ከ30 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ለተቅማጥ መድኃኒት ወደ ደም መግባት ለምን ያስፈልገዋል? ባክቴሪያው ያለው አንጀት ውስጥ ነው። መርዙ የሚነካው ፕሮቲን ወደ አንጀቱ ቦይ ዞሮ ነው የተቀመጠው። አንጀት ውስጥ የሚቀር ንጥረ ነገር ለዚህ በሽታ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ግን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። አኔሞሳይድ ቢ 4 የዚህ ሰለባ ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 1221 ገደማ ሲሆን በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የተለመደው ጣሪያ 500 ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሞለኪውል 30 በመቶውን ወሰን አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። ቅመሙ የተሰየመበት ዕፅ ዋና ንጥረ ነገር ገና ከበሩ ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው። በእሱ ቦታ የሚገባው ኬርሴቲን ነው። ኬርሴቲን ሽንኩርትን ጨምሮ በሺህ ዕፆች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በቋቱ ውስጥ 46.43 በመቶና 0.28 ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ስለየትኛውም ዕፅ የተጠና ጥናት ውስጥ ብቅ ይላል።

ሌላም አለ። የዚህ ግምት ሞዴል የተገነባው በሰው መድኃኒቶች መረጃ ላይ ነው። ጥጃ ወተት ሲጠባ ወተቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይገባል። በጉሮሮ ቱቦ የተሰጠ ፈሳሽ ግን መጀመሪያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያርፋል። ያው መድኃኒት በጡጦ ሲሰጥና በቱቦ ሲሰጥ አንጀት የሚደርስበት ሰዓትና መጠን ይለያያል። ይህን የሚያሰላ ማጣሪያ የለም።

ለምን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ስሞች ይወጣሉ?

እነዚህን ጥናቶች ተራ በተራ ያነበበ ሰው ቲ ኤን ኤፍ፣ አይ ኤል 6፣ ኤ ኬ ቲ 1 እና ቲ ፒ 53 የተባሉት ፕሮቲኖች ስለ ተቅማጥም፣ ስለ ስኳር በሽታም፣ ስለ ጉበትም በተጻፈው ውስጥ «ቁልፍ» ሆነው ያገኛቸዋል። ቲ ፒ 53 በሰው ጂኖች ሁሉ መካከል ብዙ ጥናት የተካሄደበት ነው። ብዙ በተጠና ቁጥር ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር መያያዙ ይመዘገባል፤ መስመሩም ይበዛል። የአዲስ አበባን የታክሲ መስመሮች በሙሉ ስሎ ብዙ መስመር የሚጋጠምበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው መገናኛን ማግኘቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድ አይነግረውም።

የጋራ ክፍሉም በአጋጣሚ ሊሞላ ይችላል። ሰው 20,000 ያህል ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች አሉት። «ተቅማጥ» የሚለው ቃል 4,000 ጂን ቢያመጣና ዕፁ 150 ፕሮቲን ይነካል ተብሎ ቢተነበይ፣ በሁለቱ መካከል ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ በዕድል ብቻ 30 ያህሉ ይገጥማሉ። ስለዚህ «38 የጋራ ጂኖች አገኘን» የሚል ጥናት ስንት በዕድል እንደሚጠበቅ ካልነገረን ቁጥሩ ብዙም አይጠቅመንም። የዝርዝሩን ትርጉም ለማግኘት ጂኖች በየትኛው የሰውነት ወይም የበሽታ ሂደት እንደሚሳተፉ የሚያሳየው ኬግ የተባለው ቋት ሲጠየቅም የካንሰር፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የደም ሥር መደደር ሂደቶች ይወጣሉ። የ3 ቀን ጥጃ የደም ሥሩ አይደድርም። እነዚህ ስሞች የመጡት ኬርሴቲን በእነዚያ በሽታዎች ላይ ብዙ ስለተሞከረ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ጉዋኒሌት ሳይክሌዝ ሲ በዝርዝሩ ውስጥ አለ? ሲ ኤፍ ቲ አርስ? ስለ ጥጃ ኢ. ኮላይ የሚናገር ጥናት ሁለቱን ካልጠቀሰ፣ ምናልባት የሚያሳየው የተቅማጥን መነሻ ሳይሆን ማንኛውንም ሕመም ተከትሎ የሚመጣውን ብግነት ነው። ብግነትን ማብረድ በሳልሞኔላ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳልሞኔላ የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላልና። በኤፍ 5 ኢ. ኮላይ ግን ዋናው ጉዳይ አይደለም።

የጂኖቹ ባለቤትም ይጠየቅ። ጂንካርድስ የሰው ጂኖች ቋት ነው። የላም ሙሉ የዘር መዝገብ ግን ከ2009 ጀምሮ ታትሟል፣ ስትሪንግም ላምን ለብቻዋ መርጦ መረብ ለመሳል ያስችላል። ጥንቁቅ ተመራማሪ የሰውን ጂን ወደ ላም አቻው ቀይሮ ይሠራል፤ ቸኩሎ የሠራ ሰው የሰው መረብ ስሎ ርዕሱ ላይ «ጥጃ» ይጽፋል።

የዶኪንግ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ውጤቱ በኪሎካሎሪ በሞል ይሰጣል፤ ይበልጥ ኔጌቲቭ ሲሆን መጣበቁ ይበልጥ ይጠነክራል ተብሎ ይታሰባል። በልማድ ከ-5 በታች ጥሩ፣ ከ-7 በታች ጠንካራ ይባላል። ግን ነጥቡ ከአቶሞች ብዛት ጋር አብሮ ይወርዳል። ትልቅ ሞለኪውል ብዙ ቦታ ስለሚነካ ብቻ የተሻለ ነጥብ ያገኛል። ፕሮቲኑ እንደ ድንጋይ የማይንቀሳቀስ ተደርጎ ይወሰዳል፣ በዙሪያው ያለው ውኃም አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። የፕሮቲኑ ቅርጽ በክሪስታል መልክ ሲጠና አብሮት ተጣብቆ የነበረው ሞለኪውል ይወጣና በዚያው ፕሮግራም መልሶ እንዲገባ ይደረጋል። ከመጀመሪያ ቦታው በ2 አንግስትሮም (በአቶም መጠን የሚለካ እጅግ አጭር ርቀት) ውስጥ ከተመለሰ አሠራሩ ይታመናል። ይህን ፈተና ያልጠቀሰ ጥናት ውብ ባለ ቀለም ሥዕል ቢኖረውም ቁጥሩን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዕፅ ላይ የሚሠሩ ብዙ የኬሚስትሪ ጥናቶችም የዶኪንግ ውጤት ስለሚያካትቱ ይኸው ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

ባክቴሪያውስ የት አለ?

ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስለናል። መረቡ የሚሳለው በእንስሳው ፕሮቲኖች ነው፤ በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ የራሱ ፕሮቲኖች አይገቡበትም። ቤርቤሪን የኢ. ኮላይን ኤፍ ቲ ኤስ ዜድ ፕሮቲን እንደሚነካ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ባክቴሪያው ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምበት ፕሮቲን ነው። ኤፍ 5 መያዣውም ሆነ መርዙ ራሱ ለምርመራ ክፍት ነው። ለባክቴሪያ በሽታ የሚሠራ መረብ ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ የጥጃው፣ ሌላው የባክቴሪያው።

ከኮምፒውተሩ በኋላ ምን መከተል አለበት?

ዘዴው ራሱ ተቆርቋሪዎች አሉት። በ2021 የዓለም የቻይና ሕክምና ማኅበራት ፌዴሬሽን እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚመዘኑበትን መመሪያ አውጥቷል፤ መረጃው ከየት እንደመጣና ውጤቱ በሙከራ መፈተኑን ይጠይቃል።

በተግባር የመጀመሪያው እርምጃ የተፈላውን ዕፅ መለካት ነው። ቤርቤሪኑ፣ አኔሞሳይዱ፣ ኤስኩሊኑ በእርግጥ ውኃው ውስጥ ስንት አሉ? ቋቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሁሉ በፈላ ውኃ አይወጣም። ቀጥሎ ከታመመ ጥጃ በተወሰደ ባክቴሪያ ላይ በየመጠኑ ይሞከራል፣ ከዚያም በአንጀት ሕዋሳት ላይ።

መጨረሻው ጥጃው ነው። ጥጆቹ ዕድሜያቸው ተመሳሳይ፣ ኤፍ 5 መኖሩ በአዛባ ምርመራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሁለቱም ወገን ወተትና ፈሳሽ ያገኛል፣ ዕፁ ለአንዱ ብቻ ይጨመራል። ፈሳሽ ያገኘ ጥጃ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚያገግም ማነጻጸሪያ ወገን የሌለው ሙከራ ማንኛውንም ዕፅ መድኃኒት ያስመስለዋል። አዛባውን ከ0 (ደህና) እስከ 3 (ውኃ) የሚመዝነው ሰው ማን ምን እንደወሰደ ማወቅ የለበትም። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ ቤርቤሪን ያለበት ፈሳሽ ደማቅ ቢጫ ስለሆነ አዛባውን ሊያቀልመው ይችላል። ስለዚህ ለማነጻጸሪያው ወገን ቢጫ ቀለም የተጨመረበት ፈሳሽ ይሰጣል።

ቤርቤሪን ተስፋ የለውም ለማለት አይደለም። በ1987 በታተመ የባንግላዴሽ ሙከራ በመርዝ አመንጪ ኢ. ኮላይ የታመሙ አዋቂ ሰዎች አንድ ጊዜ 400 ሚሊግራም ወስደው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተቅማጣቸው የቆመላቸው 42 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ውስጥ 20 በመቶ ነበሩ። ይህ ከማንኛውም የመረብ ሥዕል የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ሆኖም የሰው እንጂ የጥጃ አይደለም፤ የንጹሕ ቤርቤሪን እንጂ የአራቱ ዕፆች ቅመም አይደለም።

ጥጃው ያስቀመጠው ሰው እስከዚያ ምን ያድርግ?

ፈሳሽ ይስጥ። መርዙ ክሎራይድን ሲያስወጣ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባው ሌላው መንገድ ሳይዘጋ ይቆያል፤ ስኳርና ጨው ያለበት ፈሳሽ የሚሠራው በዚያ ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከክብደቱ 8 በመቶ ፈሳሽ ካጣ 3.2 ሊትር ጎድሎታል፤ በቀን ለመኖር የሚያስፈልገው 2 ሊትር ያህልና አሁንም በተቅማጥ የሚወጣው በዚያ ላይ ይጨመራል። በአንድ ጊዜ 2 ሊትር፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከወተቱ ቢያንስ በ2 ሰዓት አራርቆ መስጠት ይቻላል። ወተቱ አይቋረጥም፤ ፈሳሹ ግን ከወተት ጋር አይቀላቀልም፣ ወተቱ ጨጓራ ውስጥ እንዳይረጋ ሊያደርገው ይችላልና።

የሰው ኦ አር ኤስ ከሌለ ነገር ይሻላል፣ በቂ ግን አይደለም። በ1 ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም ቢኖረውም የደሙን አሲድ የሚያለዝበው ሲትሬት 10 ሚሊሞል ብቻ ነው። ለጥጃ የሚዘጋጁት በሊትር ከ50 እስከ 80 ሚሊሞል የሚደርስ ባይካርቦኔት ወይም አሲቴት ይይዛሉ።

የአንገቱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከ2 ሰከንድ በላይ ተሸብሽቦ ከቆየ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጣት ሲገባለት የማይጠባ ወይም መቆም ያቃተው ከሆነ በአፍ የሚሰጠው አይበቃውም። የእንስሳት ሐኪም በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልገው እንደሆነም የሚወስነው እሱ ነው። ገና ላልታመመው ጥጃ ደግሞ እንገር አለ፦ ለ40 ኪሎ ጥጃ 4 ሊትር፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ለኤፍ 5 ከተከተበች እንገሩ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከአንጀቱ ጋር እንዳይጣበቅ ያግደዋል።